ብረት የሚበላና ጠጣር የተሸከመ ፈሳሽን በማግ ሜትር መለካት፦ ከምርጫ እስከ ጥገና

ንጹሕ ውሃ የሚለካ ፍሎው ሜትር (የፍሰት መለኪያ) ገበያው ላይ ሞልቷል። አሲድ ውስጥ አሸዋ፣ ውሃ ውስጥ ኖራ፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ጸጉርና ጭቃ ሲገባ ግን አብዛኛው አይሆንም። በፍሰቱ የሚሽከረከረው ተርባይን ይታነቃል። ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፣ ኦሪፊስ የሚባለው፣ ሹል ጠርዙ ይሸረሸራል፤ ግፊት የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም በደለል ይደፈናሉ። የቮርቴክስ ሜትር መሃል ላይ የቆመው ዘንግ በአሸዋ ያልቃል። በሚንቀጠቀጥ ቱቦ የሚለካው ኮሪዮሊስ ሜትር ክብደትንም እፍጋትንም አብሮ ስለሚለካ ያጓጓል፤ ይሁንና ስስ የብረት ቱቦው ውስጥ ውስጡን በአሸዋ ሲሳሳ ቆይቶ አንድ ቀን አሲድ የሚፈነዳበት ቦታ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚቀረው ኤሌክትሮማግኔቲክ ፍሎው ሜትር ነው፤ በየፋብሪካው ማግ ሜትር የሚባለው። መሃሉ ባዶ ቱቦ ስለሆነ የሚሽከረከርም፣ መንገድ የሚዘጋም ነገር የለውም። የሚሠራው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ መግነጢሳዊ መስክን አቋርጦ ሲያልፍ ከፍጥነቱ ጋር የሚመጣጠን ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ይህንንም በቱቦው ግራና ቀኝ የተተከሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች ያነቡታል። ቮልቴጁ ከጥቂት ሚሊ ቮልት የማያልፍ፣ ብዙ ጊዜም ከ1 ሚሊ ቮልት በታች የሆነ ነው። ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው ጣጣ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ትንሽነት ነው።

ማግ ሜትር የማይሆንባቸውን ቦታዎች አስቀድመን እንለይ። ዘይት፣ ናፍጣና ሌላ የነዳጅ ውጤት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አይለካበትም። የተለመዱት ሜትሮች ፈሳሹ ቢያንስ 5 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር እንዲያስተላልፍ ይፈልጋሉ፤ አሲድና የኖራ ወተት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ያለበት የማዕድን ስለሪ፣ ማለትም ጠጣር የተሸከመ ፈሳሽ፣ መስኩን ራሱን ስለሚያዛባ ለብቻው ከአምራቹ ጋር መመካከር ይጠይቃል። በክፍት ቦይ የሚሄድ ፍሳሽ ደግሞ ቱቦውን ስለማይሞላ ፓርሻል ፍሉም (መሃሉ የጠበበ የመለኪያ ቦይ) እና ከላይ የሚንጠለጠል የአልትራሳውንድ ወይም የራዳር ከፍታ መለኪያ ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ ፈሳሹን በወረቀት ላይ አስፍሩ

አቅራቢ ጋ ከመደወላችሁ በፊት የሚከተሉትን ጻፉ፦

- የአሲዱ ወይም የአልካላዩ ስምና ከፍተኛው ጥንካሬ በመቶኛ
- የተለመደውና ከፍተኛው ሙቀት
- በውስጡ ያለው ክሎራይድና ፍሎራይድ፣ ትንሽም ቢሆን
- ጠጣሩ በክብደት ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የትልቁ ቅንጣት መጠንና ጥንካሬው
- ዝቅተኛ፣ የተለመደና ከፍተኛ ፍሰት
- ከፍተኛ ግፊት፤ መስመሩ ቫኪዩም ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ካለም እሱ
- መስመሩ የሚታጠብበት ኬሚካልና የእጥበቱ ሙቀት

ሁልጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። በ45 ዲግሪ የሚሠራ መስመር ቅዳሜ ቅዳሜ በእንፋሎት የሚታጠብ ከሆነ ላይነሩ (የሜትሩ የውስጥ ሽፋን) የሚመረጠው ለእንፋሎቱ ነው። ፍሎራይድም እንዲሁ ከላቦራቶሪ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ምን እንደሚያስከትል ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 2፦ የሜትሩን ስፋት በፍጥነት ወስኑ

የሜትሩ ስፋት ከነባሩ ቱቦ ጋር እኩል መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። የሚወስነው ፍጥነቱ ነው፦

ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) = 353.7 × ፍሰት (ሜትር ኩብ በሰዓት) ÷ የውስጥ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ሲባዛ በራሱ

ለምሳሌ መስመሩ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ያሳልፋል እንበል። በ65 ሚ.ሜ. ሜትር ፍጥነቱ 2.5፣ በ80 ሚ.ሜ. 1.66፣ በ100 ሚ.ሜ. 1.06 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። አሸዋ ለተሸከመ አሲድ እኛ የምንመርጠው 80ውን ነው። የመሸርሸር ፍጥነት ከፈሳሹ ፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ላይነሩ ከአራት እጥፍ በላይ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። በሌላ በኩል በ100ው ደቃቅ ዱቄት ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ሻካራ አሸዋ ግን በአግድም ቱቦ ወለል ላይ መተኛት ይጀምራል። በጥቅሉ ሸርሻሪ ጠጣር ላለበት መስመር ከ1.5 እስከ 2፣ ደቃቅና ለስላሳ ለሆነው ለምሳሌ ለኖራ ወተት ከ1 እስከ 3 ሜትር በሰከንድ ጥሩ ነው። ለኖራ ትንሽ ፈጠን ማለቱ ይጠቅማል፤ ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ይቀንሳል።

ዝቅተኛው ፍሰት ላይም ስሌቱን ድገሙት። ፍጥነቱ ከ0.5 በታች ከወረደ መለካቱ ቢሳካም ቱቦው ደለል ይይዛል።

ደረጃ 3፦ ላይነር

ላይነር የሜትሩ የውስጥ ሽፋን ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ያቺ ትንሽ ቮልቴጅ በብረቱ አካል በኩል ትጠፋለች። ኬሚካል የሚችለው ሁሉ አሸዋ አይችልም፣ አሸዋ የሚችለው ሁሉም ኬሚካል አይችልም። ምርጫው ከዚህ ግጭት አይወጣም።

ቴፍሎን ኬሚካልን በመቻል የሚወዳደረው የለም፤ ሙቀትንም እንደ አሠራሩ እስከ 150 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይችላል። ግን ለስላሳ ነው፣ ሹል አሸዋ ይቆርጠዋል፤ ቫኪዩም ሲያገኘው ደግሞ ከብረቱ ተላቆ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ትኩስ ፈሳሽ ያለበት መስመር ሲቆምና እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ፈሳሹ ከፍ ካለ ቦታ በራሱ ሲወርድ ነው። ውስጡ የብረት መረብ ያለው ፒኤፍኤ፣ የቴፍሎን ዘመድ የሆነ ፕላስቲክ፣ ለዚህ መፍትሔ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ ቅርጹን ይጠብቃል።

ጠንካራ ጎማ፣ ኢቦናይት የሚባለው፣ ለቀጭን ሰልፈሪክና ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ያገለግላል፤ ናይትሪክ አሲድንና ዘይትን አይወድም። ለስላሳ የተፈጥሮ ጎማ በአሸዋ ከኢቦናይት በተሻለ ይቆያል፤ ቅንጣቱ ሲመታው ስለሚነጥር አይፋቅም። ሹልና ትልልቅ ድንጋይ ግን ይቀድደዋል። ፖሊዩሬቴን መሸርሸርን በመቋቋም ረገድ ከጎማና ከፕላስቲክ ላይነሮች ሁሉ የጠነከረ ነው ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ያለፈ ሙቀትና አሲድ ያፈርሱታል። ለገለልተኛ የማዕድን ጭቃ ብቻ ያዙት።

አሸዋም አሲድም ያለበት፣ ገንዘብም ያለበት ቦታ ሴራሚክ ይገባል፤ ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ አሉሚና። አይፋቅም፣ ቅርጹን አይለውጥም፣ ቫኪዩም አያስጨንቀውም። ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ፣ ትኩስና ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ። በ90 ዲግሪ ሲሠራ የነበረ ሴራሚክ ላይ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ መልቀቅ ሜትሩን መስበር ነው።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሮድ፣ ስህተት የሚበዛበት ቦታ

የቱቦ ብረት ሲመረጥ በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበላ ወፈር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ኤሌክትሮድ ግን የጣት ጥፍር የምታክል ራስ ናት፤ ትንሽ ስትበላ በጎኗ በኩል አሲድ ወደ ሜትሩ ሆድ ይገባና መግነጢሳዊ መስኩን የሚፈጥረውን የሽቦ ጥቅልል ያቃጥለዋል። በዚያ ላይ ገጹ እየተበላ ያለ ብረት ራሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይፈጥራል፤ ሜትሩ ሳይሞት ገና ንባቡ ይዘላል። ስለዚህ የቱቦ ሰንጠረዥ ላይ «ይችላል» የተባለ ሁሉ ለኤሌክትሮድ አይበቃም።

316ኤል አይዝጌ ብረት ለኖራ ወተት፣ ለገለልተኛ ጭቃና ለአብዛኛው አልካላይ በቂ ነው። ክሎራይድ ያለበት አሲድ ውስጥ ነጥብ ነጥብ እያለ ይቦረቦራል። ሃስቴሎይ ሲ-276 የተባለው የኒኬል ቅይጥ ለቀጭን ሰልፈሪክ፣ ለፎስፎሪክና ለተቀላቀለ ፍሳሽ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው፤ ትኩስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ያሸንፈዋል። ቲታኒየም ለጨው ውሃ፣ ለበረኪና እና ለናይትሪክ አሲድ ጥሩ ሲሆን ሰልፈሪክና ሃይድሮክሎሪክ ውስጥ አይግባ።

ታንታለም የተባለው ውድ ብረት ሃይድሮክሎሪክን፣ ሰልፈሪክንና ናይትሪክን ጥንካሬያቸው ከፍ ባለበትም ይቋቋማል። ለዚህ ነው «ታንታለም አድርጉልን» ብሎ መገላገል የተለመደው። ሁለት ነገር ግን አይችልም፤ ፍሎራይድና ኮስቲክ። ከፎስፌት ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ፎስፎሪክ አሲድ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ፍሎሪን ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ «ፎስፎሪክ አሲድ» ብቻ ተጽፎ ታንታለም ከታዘዘ ኤሌክትሮዱ ቶሎ ያልቃል። እንዲሁም በአሲድ የሚሠራ መስመር በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ የሚታጠብ ከሆነ ታንታለምን የሚገድለው እጥበቱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ፕላቲኒየም ይታሰባል።

ሻካራ ጠጣር ሲኖር የኤሌክትሮዱ ራስ ቅርጽም ይጠየቅ። ወጣ ያለ ሾጣጣ ራስ ለሚጋገር ፈሳሽ ጥሩ ነው፣ ፍሰቱ ይጠርገዋል። ለአሸዋ ግን ከላይነሩ ጋር የተስተካከለ ድፍን ራስ ይሻላል።

ትራንስሚተሩንም፣ ማለትም የኤሌክትሮዶቹን ቮልቴጅ ወደ ንባብ የሚለውጠውን ክፍል፣ በዚሁ ጊዜ ምረጡ። ቅንጣቶች ኤሌክትሮዱን በመቱት ቁጥር ትንሽ የቮልቴጅ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ይህ ረብሻ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ይበረታል። በ6 ሄርዝ አካባቢ የሚሠራ ተራ ሜትር ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ጠጣር ሲያገኝ መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ የማነሳሻ ድግግሞሹን (መግነጢሳዊ መስኩ በሰከንድ የሚቀያየርበትን ጊዜ ብዛት) ወደ ብዙ አሥር ሄርዝ ከፍ ማድረግ የሚያስችል፣ ወይም ሁለት ድግግሞሽ አንድ ላይ የሚጠቀም ትራንስሚተር እዘዙ። በኋላ ለመቀየር ከማሰብ አሁን መክፈሉ ይረክሳል።

ደረጃ 5፦ ቦታ

በጣም ጥሩው ቦታ ፈሳሹ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ቱቦው ሁልጊዜ ይሞላል፣ አየሩ ወደ ላይ ያመልጣል፣ መሸርሸሩም ዙሪያውን እኩል ይሆናል። ከታቹ ላይ ማፍሰሻ ቫልቭ አድርጉ፤ ፓምፑ ሲቆም በቱቦው ውስጥ ያለው አሸዋ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ይደድራልና።

የግድ አግድም ከሆነ ኤሌክትሮዶቹ በግራና በቀኝ እንዲሆኑ ሜትሩን አዙሩ። አንዱ ከላይ ከሆነ አየር፣ ከታች ከሆነ ደለል ይሸፍነዋል።

ከሜትሩ በፊት የቱቦውን ዲያሜትር 5 እጥፍ፣ ከኋላው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ቀጥ ያለ ርዝመት መደበኛው ነው። ሸርሻሪ ስለሪ ከሆነ ግን ፊት ለፊቱን ወደ 10 እጥፍ አሳድጉት፤ ክርን ላይ የተጠማዘዘ አሸዋ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ የላይነሩን አፍ ይቆርጣል። ለ80 ሚ.ሜ. ሜትር ይህ 80 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። መቆጣጠሪያ ቫልቩ ሁልጊዜ ከሜትሩ በኋላ ይሁን። ሜትሩን በፓምፑ መሳቢያ በኩል አትግጠሙ፤ እዚያ ቫኪዩምም አረፋም አለ። አሲድ ወይም ኖራ ወደ መስመሩ የሚጨመርበት ነጥብ ካለም ከሜትሩ በኋላ አድርጉት። ሳይቀላቀል ያለፈ ኬሚካል የማስተላለፍ አቅሙ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ንባቡ ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

ሜትሩን አልፎ የሚሄድ ተለዋጭ መስመር (ባይፓስ) ለስለሪ አትሥሩ። የማይፈስበት ቅርንጫፍ በደለል ይደፈናል፣ በሚያስፈልግበት ቀንም አይከፈትም። ከዚያ ይልቅ ከሜትሩ ጋር እኩል ርዝመት ያለው ባለ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰር የጫፍ ሰሌዳ ያለው) የቱቦ ቁራጭ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ መግጠም

ሜትሩን በገመድ ስታነሡ በአካሉ ዙሪያ ወይም በማንሻ ቀለበቶቹ እሰሩ። ዘንግ ወይም ሰንሰለት በመሃሉ አስገብቶ ማንሳት ላይነሩን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም የሚታየው ሜትሩ ከወራት በኋላ ሲያፈስ ነው። የቴፍሎን ላይነር ጫፍ ፍላንጁ ላይ የተገለበጠ ስለሆነ ፋብሪካው የገጠመውን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ክዳን እስከ መግጠሚያው ደቂቃ አታውልቁ። ቴፍሎን ቀድሞ ወደነበረበት ቅርጽ መመለስ ስለሚወድ ተከፍቶ ካደረ ጫፉ ይነሣል።

በፍላንጆቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ የውስጥ ቀዳዳው ከሜትሩ ቀዳዳ በትንሹ ይስፋ፤ ወደ ውስጥ የገባ ጋስኬት አሸዋውን ላይነሩ ላይ ያሽከረክራል። የግራፋይት ጋስኬት ፈጽሞ አትጠቀሙ። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከላይነሩ ላይ ስስ ጥቁር ቅባት ይሠራና ምልክቱን ወደ መሬት ያፈሰዋል።

ብሎኖቹን በተቃራኒ በተቃራኒ፣ በሦስት ዙር አጥብቁ፦ በመጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ 80 በመቶውን፣ በመጨረሻ አምራቹ የጻፈውን ሙሉ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል)። ቴፍሎን ጫና ሲበዛበት ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ስለዚህ ከ24 ሰዓት በኋላ መስመሩ ቀዝቅዞና ግፊቱ ተነሥቶለት እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈተሽ። «ትንሽ ያፈሳል» ብሎ በረጅም ቁልፍ መጨቆን ላይነሩን ቆርጦ ሜትሩን ያስጥላል።

ደረጃ 7፦ ግራውንድ

ማግ ሜትሩ የሚያነበው ቮልቴጅ ከፈሳሹ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ፈሳሹና የሜትሩ አካል አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ላይ ካልሆኑ ንባቡ ትርጉም የለውም። ውስጡ ያልተሸፈነ የብረት ቱቦ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ፍላንጆች ከሜትሩ ጋር በመዳብ ሽቦ ማገናኘት ይበቃል። አሲድ የሚያልፍበት ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ውስጡ በጎማ የተሸፈነ ብረት ነው። ከውጭ ብረት ስለሆነ ብቻ ሽቦ አስሮ መሄድ እዚህ ምንም አያደርግም፤ ፈሳሹ ብረቱን አይነካውም።

መፍትሔው በሜትሩ ሁለቱም ጫፍ የግራውንድ ቀለበት ማስገባት ነው። የቀለበቱ ብረት ከኤሌክትሮዱ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። የታንታለም ቀለበት ውድ በመሆኑ አንዳንዱ ቀለበቱን አይዝጌ ያደርገዋል፤ ያ ቀለበት በአሲዱ ተበልቶ ሲያልቅ ግራውንዱም አብሮ ይጠፋል። ሜትሩ ውስጥ አብሮ የሚሠራ ሦስተኛ የግራውንድ ኤሌክትሮድም አለ፤ ይረክሳል፣ ነገር ግን በመስመሩ ውስጥ ከሌላ ቦታ የባዘነ ኤሌክትሪክ ካለ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ኤሌክትሮሊሲስ ወይም ካቶዲክ መከላከያ (ቱቦን በኤሌክትሪክ ከዝገት የሚጠብቅ) ባለበት ቦታ አትመኑት።

ቀለበቶቹን፣ የሜትሩን አካልና የፋብሪካውን ግራውንድ በ4 ወይም በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ አገናኙ። የመሬቱ ሬዚስታንስ ከ10 ኦም በታች ይሁን። ሽቦውን ከሞተር ወይም ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ግራውንድ ጋር በአንድ ብሎን አትሰሩ። የምልክት ኬብሉም ከሞተር ኬብል በተለየ ትሬይ ይሂድ።

ደረጃ 8፦ ማስጀመርና ማስተካከል

በመጀመሪያ መስመሩን በንጹሕ ውሃ ሙሉ። በሜትሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የካሊብሬሽን ቁጥርና ዲያሜትር ትራንስሚተሩ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ስፓኑን፣ ማለትም ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ያለው ውጤት የሚወክለውን የፍሰት ክልል፣ ስጡ። ለምሳሌያችን ከ0 እስከ 50 ሜትር ኩብ በሰዓት ብናደርገው 30 ሲፈስ ውጤቱ 13.6 ሚሊ አምፔር መሆን አለበት (16 × 0.6 + 4)። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሌላ ካሳየ ስህተቱ ሜትሩ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ስፓን መካከል ነው።

የዝቅተኛ ፍሰት መቁረጫውን ከስፓኑ 1 እስከ 2 በመቶ፣ ዳምፒንጉን (ንባቡ የሚለሰልስበትን ጊዜ) ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አድርጉ፣ የባዶ ቱቦ ማስጠንቀቂያውንም አብሩ። ዳምፒንግን 60 ሰከንድ አድርጎ የሚዘልን ንባብ ማረጋጋት ችግሩን መሸፈን ነው፤ ፓምፑ ሲዘጋ እንኳ ቶሎ አይታወቅም።

ቀጥሎ ዜሮ። ሜትሩ ከተከፈተ 30 ደቂቃ ይሙቅ፤ ቱቦው ሙሉ ሆኖ ሁለቱም ቫልቮች ይዘጉ። ንባቡ ዜሮ ካልሆነ ዜሮ ማስተካከያውን ከመንካታችሁ በፊት ቫልቩ እንደማያሳልፍ አረጋግጡ። አዲስ ኤሌክትሮድ ፈሳሹን እስኪላመድ ጥቂት ሰዓታት ስለሚወስድበት በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ትንሽ መዋዠቅ አያስደንግጣችሁ።

አሁኑኑ፣ ሜትሩ አዲስ ሳለ፣ ሦስት ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ፦ የጥቅልሉን ሬዚስታንስ፣ የጥቅልሉን ከአካሉ መነጠል በ500 ቮልት ሜገር፣ በኢንሱሌሽን መለኪያ (ትራንስሚተሩ ተነቅሎ)፣ እና ቱቦው ሙሉ ሳለ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ሬዚስታንስ ወደ ግራውንድ። ከዓመት በኋላ ብልሽት ስትፈልጉ ከእነዚህ የሚበልጥ ረዳት የላችሁም።

ደረጃ 9፦ በታንክ ማመሳከር

ሜትሩን ነቅሎ ላቦራቶሪ መላክ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ታንክ ካለ ግን ይበቃል። ወደ ታንኩ የሚገባውን ዝጉና ፓምፑ ታንኩን ብቻ እየሳበ 5 ደቂቃ ያህል ይሂድ። የታንኩ ዲያሜትር 2 ሜትር፣ የወረደው ከፍታ 0.80 ሜትር ከሆነ የወጣው 2.51 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት 30.2 ማለት ነው። ሜትሩ በዚያው ጊዜ በአማካይ 29.8 ካነበበ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ በሜትር ዘንግ ለሚለካ ከፍታ ይህ ተቀባይ ነው። ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ።

ማግ ሜትር የሚለካው መጠን ብቻ ነው፤ ስንት ቶን ደረቅ ጠጣር አለፈ ለሚለው የስለሪው እፍጋት ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር ዕቃ ናሙና ወስዳችሁ መዝኑ። የድንጋዩ እፍጋት በሊትር 2.65 ኪሎ ግራም፣ የፈሳሹ 1.0፣ የስለሪው 1.40 ከሆነ ጠጣሩ በክብደት 2.65 × 0.40 ÷ (1.40 × 1.65)፣ ማለትም 45.9 በመቶ ነው። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ስለሪ 42 ቶን ይመዝናል፤ ከዚያ 19.3 ቶኑ ጠጣር ነው። አረፋ ካለ ግን ይህ ሁሉ ይዛባል፤ 5 በመቶ አየር ንባቡን ወደ 5 በመቶ ከፍ ያደርገዋል፣ ሜትሩም አያስጠነቅቅም።

ንባቡ ሲበላሽ

ንባቡ የሚዘል ከሆነ ፓምፑን አቁሙና ቱቦው ሞልቶ ይቁም። መዝለሉ ከቆመ ምንጩ ከፈሳሹ ነው፦ የቅንጣት ምት ወይም አየር። የማነሳሻ ድግግሞሹን ከፍ አድርጉ፤ ካልተሻለ የፓምፑን መሳቢያ በኩል የሚገባ አየር ፈልጉ። ፓምፑ ቆሞም የሚዘል ከሆነ ግራውንዱን፣ ቀለበቱን፣ የኬብሉን መንገድ ተመልከቱ። በእኛ ግምት «ሜትሩ ተበላሸ» ከሚባለው አቤቱታ ብዙው እዚህ ያልቃል።

በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ዝቅ የሚል ንባብ የላይነር መሳሳት ምልክት ነው። 80 ሚ.ሜ. የነበረው ቀዳዳ 82 ሲሆን ሜትሩ ወደ 2.4 በመቶ አሳንሶ ያነባል። ቀስ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ነገር አለ። ወንጂና መተሐራን በመሳሰሉ ስኳር ፋብሪካዎች ጭማቂው በኖራ ወተት ይጣራል፤ ያ የኖራ ወተት አየር ባገኘው ቁጥር ካርቦኔት ሆኖ ይደድራል። የሁለቱ ኤሌክትሮዶች ሬዚስታንስ ከተራራቀ አንዱ ተሸፍኗል ማለት ነው። የጥቅልሉ መነጠል ከጥቂት ሜጋ ኦም በታች ከወረደ ግን ፈሳሽ በኤሌክትሮዱ ጎን ገብቷል፤ ያ ሜትር አይጠገንም።

ማጽዳት፣ አደጋው ያለበት ሥራ

ፓምፑን ከማጥፊያው ቆልፉ፣ ግፊቱን አውጡ፣ መስመሩን በውሃ አጥቡ። የኖራ ድድር በ5 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ ኤሌክትሮዱ 316ኤል ከሆነ ግን በእሱ ፈንታ ሰልፋሚክ አሲድ ተጠቀሙ። ሰልፈሪክ አሲድ አይሆንም፣ ድድሩን ወደ ጂፕሰም ለውጦ የባሰ ያጠነክረዋል። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። በብረት ብሩሽና በመፋቂያ ላይነሩን አትንኩ፤ ለስላሳ የናይለን ብሩሽ በቂ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ አሲድ ይዞ መቅረብ ክልክል ነው። የቆዳ ፋብሪካ የጸጉር ማስለቀቂያ ፍሳሽ ሶዲየም ሰልፋይድ አለበት፤ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ጠንከር ሲል አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ አደጋው የጠፋ ይመስላል። የወርቅ ማጠቢያ መስመርም ሳያናይድ ስላለው አሲድ ሲገባ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ይሆናል። ሁለቱም ይገድላሉ። በእነዚህ መስመሮች ሜትሩ በብዙ ውሃ ታጥቦ ከመስመሩ ይወለቅና ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ይጸዳ፤ ባዶ ቦታውን ቀድማችሁ ባዘጋጃችሁት የቱቦ ቁራጭ ሸፍኑትና ፋብሪካው ሥራውን ይቀጥል።